በፈቃድ የሚመጣ ሰመመን፦ ሂፕኖቲዝምን ለሚለማመድ ጀማሪ የቀረበ መመሪያ

መቅድም

ሂፕኖቲዝም ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ፈጥኖ የሚሣለው ዓይኑ የሚያስፈራ፣ ጣቱን ቀስሮ «ተኛ!» ባለ ጊዜ ከፊቱ የቆመውን ሰው በድን የሚያደርግ፣ ከዚያም እንደ ልቡ ወዲያና ወዲህ የሚያዝዝ ባለ ሥልጣን ነው። በአገራችንም ስለ አፍዝ አደንግዝ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወሬ ይህንኑ ሥዕል ስለሚያጎላው፣ ጥበቡን ለመለማመድ የሚነሣ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ወይ ያ ሥልጣን አስፈርቶት ከደጃፉ ይመለሳል፣ ወይ ያ ሥልጣን አጓጉቶት በማይገባ ልብ ይገባበታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለቱም ነው። የሚያስተምረውም በአጭሩ ሲነገር፣ ሰመመንን የሚያመጣው በተናጋሪው ዓይን ውስጥ የተሰወረ ኃይል ሳይሆን ሰሚው በገዛ ፈቃዱ የሚሰበስበው ሐሳብ መሆኑን፣ ተለማማጁም የሚሠለጥነው በሰው ላይ ሳይሆን በገዛ አንደበቱ ላይ መሆኑን ነው።

ይህን እውነት ለመረዳት የአውሮፓ ሊቃውንት መቶ ዓመት ያህል ደክመዋል (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከቪየና ተነሥቶ በ1778 ፓሪስ የገባው ሐኪም ፍራንዝ አንቶን ሜስመር፣ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚዘዋወር የማይታይ ፈሳሽ እንዳለና ይህን ፈሳሽ በእጁ እየመራ ድውያንን እንደሚፈውስ ያስተምር ነበር፤ በሽተኞቹም የብረት ዘንጎች በወጡበት ትልቅ ገንዳ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ ከመካከላቸው የሚንቀጠቀጡና የሚጮኹ ነበሩ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በ1784 ያቆመው የመርማሪዎች ጉባኤ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቯዚዬ ያሉበት፣ ነገሩን በብልሃት ፈተነው፤ ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች ፈሳሹ እየተላለፈባቸው መሆኑ በተነገራቸው ጊዜ ምንም ሳይደረግባቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሳያውቁት በተደረገባቸው ጊዜ ግን ምንም አይሰማቸውም። ጉባኤውም ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሠራው ምናብ ነው ብሎ ፈረደ። በ1813 በፓሪስ ለሕዝብ ማስተማር የጀመረው የጎዋ ተወላጅ ካህን አባ ፋሪያም፣ የሰመመኑ ምክንያት ያለው በሚያስተኛው ሳይሆን በሚተኛው ውስጥ ነው ሲል ነገሩን ይበልጥ ወደ እውነቱ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ በማንቸስተር የነበረው ስኮትላንዳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጄምስ ብሬድ በ1843 ባወጣው መጽሐፍ ዓይንን ባንድ ነጥብ ላይ ማሳረፍ ብቻውን ሰመመንን እንደሚያመጣ አሳየ፤ በፈረንሣይ አገር በናንሲ ከተማ የነበሩት ሐኪሞች ሊዬቦና በርንሃይም ደግሞ የጉዳዩ ቁልፍ ቃል፣ ማለትም ሰሚው ተቀብሎ በልቡናው የሚያሳድረው ጥቆማ መሆኑን አስረዱ።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ቃሉን የሚናገረውን ሰው «መሪ»፣ ቃሉን የሚቀበለውን «ፈቃደኛ» እያልን፣ ሥራውን በየተራው እንመልከት።

አንደኛ፤ ጥበቡን በራስ ላይ መፈተን

በሌላ ሰው ላይ ቃል ከመሞከር በፊት፣ ሐሳብ ሰውነትን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ በገዛ እጅ ማየት ይገባል። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ቀለበት ወይም ከበድ ያለ የልብስ ቁልፍ፣ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ክር፣ እርሳስና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ የቡና ስኒ ደፍተው ዙሪያውን በእርሳስ ይክበቡ፤ በክበቡም ውስጥ አንዱን ከላይ ወደ ታች፣ ሌላውን ከግራ ወደ ቀኝ አድርገው ሁለት መስመር ያስምሩ። ቀለበቱን በክሩ ቋጥረው፣ ክርንዎን በጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ የክሩን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ቀለበቱን ከመስመሮቹ መገናኛ በላይ ያንጠልጥሉት። ከዚያም እጅዎን ለማንቀሳቀስም ሆነ ለማገድ ሳይሞክሩ፣ ቀለበቱ ከላይ ወደ ታች በተሰመረው መስመር ላይ ሲመላለስ በሐሳብዎ ይዩት።

ጥቂት ቆይቶ ቀለበቱ፣ በመጀመሪያ ለዓይን በማይሞላ ንቅናቄ፣ ኋላም በግልጽ፣ በታሰበው መስመር ላይ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሐሳብዎን ወደ ሌላው መስመር ቢያዞሩት ወይም ክበቡን ተከትሎ ሲዞር ቢያስቡት፣ ጥቂት ተደናግሮ መንገዱን ይለውጣል። ፈረንሣዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሼቭረል ይህንን መርምሮ በ1833 ለአምፔር በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ ቀለበቱን የሚያንቀሳቅሰው የራሳችን ጡንቻ ነው፤ ንቅናቄው ግን ባለቤቱ እንኳ እስከማያውቀው ድረስ ረቂቅ ነው፣ ዓይን ሲሸፈንም ይቆማል። ከዚህ ሙከራ ሁለት ትምህርት ይገኛል። ፊተኛው፣ በግልጽ የታሰበ ነገር ያለ ትእዛዝ ወደ ሥራ እንደሚያዘነብል ነው፤ ሁለተኛው፣ «እንዲሆን ላድርግ» ብሎ መታገል ነገሩን እንደሚያበላሽ ነው። ሁለቱንም በእጅዎ ካላዩ በቀር ወደሚከተለው ክፍል አይለፉ።

ሁለተኛ፤ ፈቃደኛውንና ቦታውን መምረጥ

የመጀመሪያው ፈቃደኛዎ የሚያምንዎት፣ ነገሩን ለማወቅ የሚጓጓ፣ አካለ መጠን የደረሰና ጤነኛ የሆነ ወዳጅ ይሁን። ጎበዝ መስሎ ለመታየት «እስቲ እኔን ካስተኛኸኝ!» እያለ የሚፎክር ሰው ለጀማሪ አይሆንም፤ ጥበቡ የሚሠራው ፈቃደኛው ሲተባበር እንጂ ሲገዳደር አይደለምና። የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት በሐኪም እጅ ወይም በጠበል የሚገኘውን፣ በቅርቡ ከባድ ኀዘን የደረሰበትን፣ መጠጥ የቀመሰን ሰው፣ እንዲሁም ልጆችን፣ ምንም ያህል ቢለምኑዎት አይቀበሉ። ሕሊናው ወይም የንስሐ አባቱ ምክር ነገሩን የማይፈቅድለት ሰው ካለም፣ ለማሳመን አንድ ቃል አያውጡ፤ በክርክር የተገኘ እሺታ ፈቃድ ተብሎ አይቈጠርም።

ቤቱ ጸጥ ያለ፣ ብርሃኑ መጠነኛ፣ መቀመጫውም ጀርባንና ራስን የሚያስደግፍ ይሁን። ቡና ከሚወቀጥበት ክፍል ጎን አይቀመጡ፤ ስልክዎንም ያጥፉ። ፈቃደኛው ጠግቦ የከበደው፣ ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ራሱን የሚያዞረው ሰው እንዳይሆን ሰዓቱን አስቀድመው ያስተካክሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው ይኑር፤ ይህም ምስክር ፈቃደኛው ራሱ የመረጠው ይሁን፣ ፈቃደኛዋ ሴት፣ መሪው ወንድ በሆነ ጊዜ ደግሞ ይህ ሥርዓት ከቶ አይታለፍ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ፈቃደኛውን መንካት የሚጠይቅ ሥራ አንድም የለም፤ ስለዚህ አይንኩ።

ሦስተኛ፤ ከሰመመን በፊት የሚደረግ ንግግር

ጀማሪዎች ቸኩለው የሚዘሉት፣ ሥራው ግን ከግማሽ በላይ የሚፈጸምበት ክፍል ይህ ነው። ፈቃደኛውን አስቀምጠው ስለ ነገሩ ምን እንደሰማና ምን እንደሚያስፈራው ይጠይቁት፤ መልሱንም ሳያቋርጡ ይስሙ። ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ሦስት ነገር ነው፤ አለመንቃትን፣ ምሥጢር ማውጣትንና መሣቂያ መሆንን። ለፊተኛው፣ ሰመመን እንቅልፍ አለመሆኑን ይንገሩት፤ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ የመረመሩ ሊቃውንት በሰመመን ያለው ሰው አንጎል ከተኛ ሰው ይልቅ ነቅቶ ካረፈ ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አይተዋል፣ መሪው ተነሥቶ ቢሄድ እንኳ ፈቃደኛው ጥቂት ቆይቶ በራሱ ዓይኑን ይገልጣል። ለሁለተኛው፣ በሰመመን ያለ ሰው እንደሚሰማ፣ እንደሚያስብ፣ መናገር የማይፈልገውንም ዝም ማለት እንደሚችል ያስረዱት። ለሦስተኛው ደግሞ የሚያደርጉትን ሁሉ አስቀድመው በዝርዝር ይንገሩትና፣ ከተነገረው ውጭ ምንም እንደማይጨምሩ በምስክሩ ፊት ቃል ይግቡለት።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ የሆነ መሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በቋንቋችን ያለ አንተ፣ ያለ አንቺ ወይም ያለ እርስዎ አንድ ግሥ እንኳ ለሰሚ ማቅናት አይቻልም። ስለዚህ ፈቃደኛው በዕድሜ የሚበልጥዎት ከሆነ፣ ጋሼ ወይም እትዬ ሲሉት እንደኖሩት ሁሉ በሰመመኑም ውስጥ «ዓይንዎ»፣ «ይተንፍሱ» ማለትን አይተዉ፤ የመሪነቱ ስሜት ወስዶዎት አንቱ ያሉትን ሰው ድንገት «ተንፍስ» ያሉት እንደሆነ፣ የተሰበሰበው ሐሳብ በዚያች ቅጽበት ይበተናል። በየትኛው አነጋገር እንደሚናገሩ ከመጀመሩ በፊት ወስነው እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ።

አራተኛ፤ ሐሳብን የሚያለማምድ ፈተና

ፈቃደኛው በጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀለበት በመጀመሪያ እርሱም ይሞክረው፤ የገዛ ሐሳቡ ሲሠራ ማየቱ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያሳምነዋል። ቀጥሎ ሁለት እጆቹን በትከሻው ትክክል ወደ ፊት እንዲዘረጋና ዓይኑን እንዲከድን ያድርጉ። ከዚያም በቀኝ መዳፉ ላይ ወፍራም መጽሐፍ እንደተቀመጠ፣ በላዩም ሌላ እንደተጨመረ፣ በግራ አንጓው ላይ ግን ወደ ላይ የሚጎትት ፊኛ እንደታሰረ፣ ባንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ በዝግታ ይግለጹለት። ዓይኑን ሲገልጥ ብዙውን ጊዜ እጆቹ በአንድ ትክክል አይገኙም፤ የልዩነቱም መጠን የዚህን ሰው ምናብ ፍጥነት በጥቂቱ ይጠቁማል።

ልዩነቱ አነስተኛ ቢሆን አይዘኑ፣ ፈቃደኛውንም አይውቀሱ። ዊትዘንሆፈርና ሂልጋርድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መለኪያ አበጅተው በ1959 ካወጡ ወዲህ በተደጋጋሚ እንደታየው፣ ከመቶ ሰው ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በቀላሉ ወደ ጥልቅ ሰመመን ይገባል፣ ያን ያህሉ ደግሞ እምብዛም አይሰማውም፣ የቀረው ብዙኃኑ በመካከል ነው። ይህም እንደ ዜማ ስጦታ ከሰው ሰው የሚለያይ ባሕርይ እንጂ የሞኝነት ወይም የደካማነት ምልክት አይደለም፤ በመሪው ጩኸትም አይለወጥም።

አምስተኛ፤ ወደ ሰመመን ማስገባት

ከብዙዎቹ መንገዶች ለጀማሪ የሚሻለው የብሬድ መንገድ ነው። ፈቃደኛው ተደግፎ ይቀመጥ፤ እግሩን አያነባብር፣ እጆቹንም በጭኑ ላይ ያሳርፍ። እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው የሚያብረቀርቅ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የብዕር ክዳን ወይም ሳንቲም፣ ከዓይኑ ከ20 እስከ 40 ሴንቲሜትር አርቀው፣ ከግንባሩም ጥቂት ከፍ አድርገው ይያዙ፤ ራሱን ሳያቀና በዓይኑ ብቻ ወደ ላይ ሲመለከት ዓይኑ ፈጥኖ ይደክመዋልና። ብሬድ ያስተማረው ምሥጢር ይህ የዓይን ድካምና የሐሳብ አንድ መሆን ነው፤ ነገሩ ወርቅ ይሁን ናስ ለውጥ የለውም።

ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ፣ አነጋገርዎን ዘግየት አድርገው፣ እናት ልጇን እሹሩሩ ስትል እንደምትደጋግመው ያለ እፍረት እየደጋገሙ፣ ቃሉንም በሚወጣው ትንፋሹ ላይ እያሳረፉ፣ የሚከተለውን በመሰለ ንግግር ይምሩት፦

«ይህችን የምታብረቀርቅ ነጥብ ብቻ ተመልከት። ሌላ የምትሠራው ሥራ የለህም። ሐሳብህ ወዲያ ቢሄድ አትቈጣው፤ ቀስ ብለህ ወደ ነጥቧ መልሰው። ስትተነፍስ ትከሻህ ዝቅ እያለ ነው… መንጋጋህ እየላላ ነው… የዓይንህ ቆብ እየከበደ ነው… ነጥቧ እየደበዘዘች፣ ዓይንህም እርጥብ እርጥብ እያለው ነው… መክደን ባሰኘህ ጊዜ ክደነው፤ ሲከደንም ዕረፍቱ ከዓይንህ ወደ ግንባርህ፣ ከግንባርህ ወደ አንገትህ እየወረደ ነው…»

በዚህ ንግግር ውስጥ በሰውነቱ ላይ የሚሆነውን የሚገልጹት ግሦች ሁሉ «እየ» እያሉ የሚሄዱ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። «ዓይንህ ከብዷል» ቢሉትና ባይከብደው፣ ፈቃደኛው በልቡ «አልከበደም» ይላል፣ ያን ጊዜም ፈራጅ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው፤ «እየከበደ ነው» ሲሉት ግን ለመሆን ጊዜ ይሰጡታል። ደግሞም የሚሉትን ከሚያዩት አያስቀድሙ፤ ቆቡ ሲርገበገብ ካዩ በኋላ «ቆብህ እየተርገበገበ ነው» ይበሉ። ፈቃደኛው የሚሰማው ቃል በራሱ ላይ ከሚሆነው ጋር ደጋግሞ ሲገጥምለት የሚቀጥለውንም ቃል ሳይመረምር ይቀበላል። ዓይኑ በአምስት ደቂቃ ያህል ውስጥ በራሱ ካልተከደነ «አሁን ቀስ ብለህ ክደነው» ይበሉትና ይቀጥሉ፤ ዓይን ሳይከደን መቆየቱ ሽንፈት አይደለም።

ስድስተኛ፤ ማጥለቅና ጥቆማ መስጠት

ዓይኑ ከተከደነ በኋላ ከአሥር ወደ አንድ ወደ ኋላ ይቍጠሩ፤ በየቍጥሩም መካከል ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያሳልፉና ከእግር ጣት ጀምረው እስከ ራስ ድረስ አንዳንድ ብልት እየጠሩ ሲዝናና ይግለጹ። መልካም ሰመመን ሲመጣ ምልክት አለው፤ ትንፋሽ ይረጋጋል፣ የፊት ጡንቻ ይፈታል፣ ጉሮሮ ምራቅ ለመዋጥ ይዘገያል፣ ሲናገሩትም መልሱ ዝግ ያለ ይሆናል። እነዚህን ምልክቶች የሚያይ መሪ ሰዓቱን መመልከት አያስፈልገውም።

ጀማሪ የሚሰጠው ጥቆማ ሦስት ዓይነት ቢሆን ይበቃል። አንደኛው የሰውነት ነው፤ ለምሳሌ አንድ ክንድ በጣም ከብዶ ለማንሣት የሚያዳግት እንደሆነ መግለጽ። ሁለተኛው የስሜት ነው፤ ለምሳሌ የተቈረጠ ሎሚ በአፍንጫው አጠገብ እንዳለ መግለጽ፣ ምራቁም ሲመጣ መመልከት። ሦስተኛው የዕረፍት ነው፤ ፈቃደኛው ራሱ አስቀድሞ የመረጠውን የሚወደውን ቦታ፣ የወንዝ ዳር ይሁን የደብሩ ጓሮ ያለውን የጥድ ጥላ፣ በሐሳቡ እንዲያየውና በዚያ ጥቂት እንዲቀመጥ ማድረግ። የመጀመሪያው ቀን በሦስተኛው ብቻ ቢያልቅ እጅግ መልካም ነው።

ቃሉ ሲሰጥ የሚሆነውን እንጂ የማይሆነውን አይጥራ። «አትፍራ» የተባለ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ፍርሃትን ነው፤ «ልብህ እያረፈ ነው» የተባለው ግን ዕረፍትን። በትሯ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የነበረው፣ ኋላም በናንሲ ያስተማረው ኤሚል ኩዌ (1857–1926) ደጋግሞ እንዳሳሰበው፣ ፈቃድና ምናብ በተጣሉ ጊዜ የሚያሸንፈው ምናብ ነው፤ ስለዚህ «ጣር፣ በርታ» የሚል ቃል ከመሪ አፍ አይውጣ። ቀለበቱን በክር ይዘው በራስዎ ያዩትም ይህንኑ ነው።

ሰባተኛ፤ መመለስ

ፈቃደኛውን መመለስ ከማስገባቱ እኩል ጥንቃቄ ይሻል። አስቀድመው የሰጡትን ጥቆማ ሁሉ አንድ በአንድ ይሻሩ፤ «ክንድህ እንደ ቀድሞው ቀላል ነው፣ እንደ ልብህም ይታዘዝሃል፣ የሎሚው ሽታ ሄዷል» ይበሉ። ይህን የዘለለ መሪ ፈቃደኛውን እጁ ደንዝዞ ወይም ራሱ ከብዶት ወደ ቤቱ ሊሰድደው ይችላል። ቀጥሎም «ከአንድ እስከ አምስት እቈጥራለሁ፤ በአምስት ዓይንህን ትገልጣለህ፣ ንቁና ደኅና ሆነህ ትነሣለህ» ብለው፣ በየቍጥሩ ድምፅዎን ጥቂት ጥቂት ከፍ፣ አነጋገርዎንም ፈጠን እያደረጉ ይቍጠሩ። እንዲተነፍስ፣ ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ፣ በመጨረሻም ዓይኑን እንዲገልጥ ያድርጉ።

ከነቃ በኋላ ወዲያው አያስነሡት። ውኃ ይጠጣ፣ ስሙንና ያለበትን ቦታ ሳይሆን የተሰማውን በራሱ ቃል ይንገርዎ፣ በክፍሉም ውስጥ ጥቂት ይራመድ። ፈዘዝ ያለ መስሎ ከታየዎት ዓይኑን አስከድነው ቍጥሩን በዝግታ ይድገሙ። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ መኪና እንዲነዳ፣ ብስክሌትም ቢሆን እንዲይዝ አይፍቀዱለት።

ስምንተኛ፤ ችግር ሲያጋጥም

ፈቃደኛው ቢሥቅ፣ አይቈጡ፤ ሣቅ የፍርሃት መውጫ ነው፣ «ሣቁ ሲያልፍ ዕረፍቱን ያጠልቀዋል» ብለው በሥራው ውስጥ ያስገቡት። ቢያንቀላፋና ቢያንኰራፋ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይቀስቅሱት፤ የደከመውን ሰው እንቅልፍ ወስዶታልና የዕለቱ ልምምድ በዚያው ያብቃ። እምብዛም ካልተሰማው፣ የተሰማውን ጥቂት ዕረፍት አመስግነው በሌላ ቀን በሌላ ቃል ይሞክሩ።

አልፎ አልፎ ግን ፈቃደኛው ያልተጠበቀ ኀዘን ቀስቅሶት ሊያለቅስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚደረገው አንድ ብቻ ነው፦ ምክንያቱን ሳይጠይቁ፣ ጥልቅ ሳይገቡ፣ በተረጋጋ ድምፅ «አጠገብህ ነን፣ የምታየውን ትተህ ወደዚህ ክፍል እየተመለስህ ነው» እያሉ በዝግታ ቈጥረው ይመልሱት። ከተመለሰም በኋላ ምስክሩና እርስዎ እስኪረጋጋ ድረስ አብረውት ይቀመጡ፤ ቢፈልግ ይናገር፣ ካልፈለገ አይናገር። ስሜቱ ከጸና ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይምከሩት፤ ዳግመኛም በዚያ ሰው ላይ አይለማመዱ።

ዘጠነኛ፤ የማይታለፍ ድንበር

ጥበቡን የጀመረ ሰው ጥቂት እንደተሳካለት የሚመጣበት ፈተና ሐኪም መሆን ነው። ስኮትላንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጄምስ ኤስዴል በ1845 በህንድ አገር ሰውን በሰመመን እያኖረ ቀዶ ጥገና ማድረጉን ያነበበ ተለማማጅ፣ የወዳጁን የራስ ምታት ለማጥፋት እጁ ይፈጥናል። ነገር ግን ሕመም መልእክተኛ ነው፤ የሆድ ቍርጠቱን በቃል ያስታገሡለት ሰው ትርፍ አንጀቱ የተቈጣበት ቢሆን፣ መሪው የሠራው ሕክምና ሳይሆን መልእክተኛውን ማፈን ይሆናል። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው በ1958 ሂፕኖቲዝምን በሕክምና ተቀባይነት ያለው ነው ሲሉ፣ የፈቀዱት ለሠለጠኑ ባለሙያዎች ነው። ስለዚህ ሕመምን፣ ሱስን፣ ፍርሃትንና የልብ ኀዘንን ማከም ለእርስዎ አልተሰጠም።

ሁለተኛው ድንበር የተረሳን ነገር መፈለግ ነው። በሰመመን ያለ ሰው የልጅነቱን ወይም የጠፋ ዕቃውን ነገር ሲጠየቅ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ከምናቡ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ሲነቃም እንደ እውነተኛ ትዝታ ይይዘዋል። በዚህ መንገድ ንጹሕ ሰው ሌባ ሊባል፣ ቤተ ዘመድም ሊጣላ ይችላልና «ማን ወሰደው?» የሚል ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ይመልሱ።

ሦስተኛው ድንበር መድረክ ነው። በሠርግ ቤትና በማኅበር ላይ «እስቲ አሳየን» የሚል አይጠፋም፤ ፈቃደኛውን ለሕዝብ መሣቂያ ማድረግ ግን በሦስተኛው ክፍል የገቡለትን ቃል ማፍረስ ነው። እንግሊዝ አገር በ1952 በሕዝብ ፊት የሚደረገውን የሂፕኖቲዝም ትርኢት በሕግ እስከ መቈጣጠር የደረሰችው፣ በሰመመን ያለን ሰው ለጨዋታ ማዋል የሚያስከትለውን ጣጣ አይታ ነው። በዚህም ላይ፣ ፈቃደኛው ከነቃ በኋላ የሚፈጽመው ትእዛዝ አይስጡ፤ ቀላልና አስቂኝ ቢመስልዎትም፣ ሰውየው ከቤትዎ ሲወጣ ከእርስዎ ቃል ነጻ ሆኖ ይውጣ።

መደምደሚያ

በየልምምዱ ፍጻሜ አንድ ደብተር ይክፈቱና ቀኑን፣ የተናገሩትን ቃልና ፈቃደኛው ስለ ተሰማው የተናገረውን ይጻፉ፤ ስሙን አይጻፉ። የትኛው ቃል ዕረፍት እንዳመጣ፣ የትኛው እንዳደናቀፈ ከዚህ ደብተር ይማራሉ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ሲያነቡት የራስዎ አነጋገር ምን ያህል እንደታረመ ያያሉ። እንዲሁም ሌላ ተለማማጅ ወዳጅ ካለዎት ተራ ተለዋውጠው እርስዎ በወንበሩ ይቀመጡ፤ ዓይኑን በሌላ ሰው ቃል ከድኖ የማያውቅ መሪ የቸኮለ ቃል ምን ያህል እንደሚጎረብጥ አያውቅምና።

የችሎታዎ መለኪያ ግን የሰመመኑ ጥልቀት አይደለም፤ ጥልቀቱ፣ ከላይ እንደተባለው፣ አብዛኛው የፈቃደኛው ስጦታ ነው። የእርስዎ ድርሻ መታመን ነው፤ እርሱም የሚለካው ባንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ከወንበሩ የተነሣው ሰው በሚመጣው ሳምንት ሳይጠራ ተመልሶ ሊቀመጥበት ይወዳል ወይስ አይወድም? ከወደደ፣ ሥራዎ በሚገባ ተሠርቷልና ከአራተኛው ክፍል ጀምረው ይቀጥሉ። ካልወደደ ደግሞ፣ ቀለበቱንና የብዕሩን ክዳን ወደ ጎን ትተው ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ያንብቡ።